ስምንት ፈረስና የጋሽ ሙላቴ ሰልፍ

ጋሽ ሙላቴ ሲያወሩ የሰማ ሁሉ የሚያናግሩት ሰው ወንዝ ማዶ ያለ ይመስለዋል። አይፈረድባቸውም። ዕድሜያቸውን ያሳለፉት ደብረ ታቦር መናኸሪያ ውስጥ ተራ ሲያስከብሩ ነው። እዚያ ሞተሩ አለ፣ ጡሩንባው አለ፣ የረዳቶቹ ጩኸት አለ፣ ጣሪያ ላይ የታሰረ በግ አለ። ይህን ሁሉ በጉሮሯቸው ብቻ ረትተው «የወረታ ወደ ኋላ! የጋይንት ቅረብ! አንተ የእስቴ፣ ተራህ ሳይደርስ ማን ጫን አለህ?» እያሉ ስንቱን ጉልቤ ሾፌር አንገት ያስደፉ ሰው ናቸው። ችግሩ ያ ድምፅ ማታ ማታ አብሯቸው ቤት መግባቱ ነበር። ባለቤታቸውን ፈንታነሽን፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ጨው አቀብዪኝ» ሲሏት ጎረቤት ጨው ይዞ ይመጣ ነበር እየተባለ እስካሁን ይወራባቸዋል።

ፈንታነሽ ስታርፍ፣ መናኸሪያውም «ከእንግዲህ አረፍ ይበሉ አባታችን» ብሎ ሲያሰናብታቸው ቤቱ ጭር አለባቸው። ሬዲዮ ከፍተው ተከራከሩት፤ ሬዲዮ አይመልስም። የሚቆጡት ሰው አጡ። ክረምቱን እንደምንም ገፍተው፣ መስከረም ሲጠባ ኑሪያ ዘንድ ሄዱና «እባክሽ ሰው ያለበት ቦታ ሥራ ስጪኝ» አሏት።

ኑሪያ ገበያው ውስጥ ጨርቅ የምትሸጥ ነጋዴ ናት። ጋሽ ሙላቴ ከአባቷ ጀምሮ ያውቋታል፤ የአባቷን ጣቃ ስንት ጊዜ ከመኪና ጣሪያ አስወርደዋል። ያን ሰሞን እሷ ከአዲስ አበባ በአይሱዙ አስጭና፣ ስምንት የፕላስቲክ ፈረሶች ያሉት፣ በመብራት የሚዞር ሽክርክሪት አምጥታ ነበር። ከሱቋ ጀርባ ያለውን ባዶ ቦታ አሳጠረች፤ ዥዋዥዌና ሸርተቴም ጨመረችበትና የልጆች መጫወቻ ብላ ከፈተችው። ያማረ ስምም አውጥታለት ነበር። ከተማው ግን «ፈረሱ ቤት» አለው፤ በዚያው ቀረ። ዥዋዥዌውን ዞር ብሎ የሚያይ ልጅ የለም። ሁሉም የሚፈልገው ፈረስ ነው፤ ያውም ቀዩን።

እንግዲህ ፈረሱ ስምንት፣ ልጁ አገር ሙሉ ሲሆን ሰልፍ ይመጣል። አምስት ዓመት ያልሞላው ሰው ደግሞ ሰልፍ የሚባል ነገር አያውቅም። እሱ የሚያውቀው ፈረሱ እዚያ እንዳለ፣ እሱ እዚህ እንዳለ፣ በመሃሉም የሰው እግር እንደበዛ ነው። ስለዚህ ያለቅሳል። አንዱ ሲያለቅስ ሌላው ምን እንደተወሰደበት ባያውቅም ያግዘዋል። እናት ታባብላለች፣ አባት ሰዓቱን ያያል፣ ትንሽ ቆይተው «ሌላ ቀን እንመጣለን» ብለው እየጎተቱት ይሄዳሉ።

ይህን ሰልፍ ነው ጋሽ ሙላቴ የተረከቡት። በመጀመሪያው እሑድ ደረታቸውን ነፍተው በሩ ላይ ቆሙና «ቀዩ ሹራብ ወደ ኋላ! ባለ ጡጦው ቅረብ!» አሉ። ባለ ጡጦው ጡጦውን ጥሎ ጮኸ። ቀዩ ሹራብ ሱሪው ውስጥ ሸና። በሚቀጥለው እሑድ ፊሽካ ይዘው መጡ፤ ፊሽካው የባሰ ሆነ። ከዚያ መሬቱ ላይ በኖራ መስመር እያሰመሩ «እያንዳንዱ በየሳጥኑ ይቁም» አሉ። ልጆቹ ሳጥኖቹን ሲያዩ ጠጠር አምጥተው ሰኞ ማክሰኞ ይዘልሉባቸው ጀመር። ጋሽ ሙላቴም በቁጣ መስመሮቹን አጠፉ። ልጆቹ እየሳቁ መሆኑን ያዩት ኖራውን ጠርገው ከጨረሱ በኋላ ነው፤ ትንሽም ከነከናቸው።

ኑሪያ ታግሣ ታግሣ አንድ ቀን ጠራቻቸው።

«ጋሽ ሙላቴ፣ አንቱን ማስቀየም አልፈልግም። ግን ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይባላል። ልጆቹ ፈረሱን ወደው አንቱን ፈርተው ነው የሚመለሱት።»

«እኔ ምን አደረግኋቸው? ተራ ነው ያስከበርሁ!»

«ይኸው፣ አሁንም እየጮኹ ነው።»

«መች ጮኽሁ!» ብለው ጮኹ።

«እስከ ፋሲካ ልየው» አለች ኑሪያ። «የፋሲካ ማግስት ሰው ይሞላል። ያን ቀንም እያለቀሱ ከሄዱብኝ ድምፅ ማጉያ ያለው አንድ ጎረምሳ እቀጥራለሁ። አንቱም ቤትዎ ይረፉ።»

ቤትዎ ይረፉ የሚለው ነው የከበዳቸው። ያን ቤት ያውቁታል።

ነገሩ የተለወጠው በዐቢይ ጾም አጋማሽ፣ በአንድ እሑድ ከሰዓት ነው። አቶ በላይነህ የሚባል፣ በዓመት በዓልም ከረባቱን የማይፈታ የቢሮ ሰው፣ ልጁን ገነትን ይዞ ሰልፉ መሃል ቆሟል። ገነት ቀዩን ፈረስ ሌላ ልጅ ሲቀመጥበት አይታ ኡኡ ትላለች። ጋሽ ሙላቴ ቀረብ ብለው ሊያባብሏት ፈለጉ። ግን ማባበል በምን ይጀመራል? አፋቸውን ከፈቱ፣ የሚሉት ጠፋቸውና ከልጅነታቸው የመጣላቸውን ቃል ጮክ ብለው ለቀቁት፦

«እንቆቅልሽ!»

ገነት ለቅሶዋን አቋረጠች። «ምን አውቅልዎ!» አለች። እሷ ብቻ አይደለችም፤ ሰልፉ በሙሉ፣ እናቱም አባቱም ከረባቱም በአንድ አፍ «ምን አውቅልዎ!» አለ። በዚያ አገር እንቆቅልህ ተብሎ ዝም የሚል ሰው አልተፈጠረም፤ ታሞ ቢተኛ እንኳ ቀና ብሎ ይመልሳል።

ጋሽ ሙላቴ ራሳቸው ደነገጡ። አንዴ ጀምረዋልና ግን ቀጠሉ። «አራት ወንድማማቾች ቀኑን ሙሉ ይሯሯጣሉ፤ ፊተኛው አያመልጥም፣ ኋለኛው አይደርስም!»

አንዱ ፍየል አለ፣ አንዱ ወራት አለ። ገነት አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠርጋ «የመኪና ጎማ!» አለች። ሰልፉ አጨበጨበላት። ያን ቀን ያለቀሰ ልጅ አልነበረም።

ጋሽ ሙላቴ እዚህ ላይ ቢበቃቸው ጥሩ ነበር። ሰው ግን ሲቀናው ይበልጥ ሊቀናው ይሻል። በእንቆቅልሽ ሕግ መልሱን ያጣ ሰው ለጠያቂው «አገር» ይሰጣል፤ ጠያቂውም ጎንደርን ወይም ባሕር ዳርን ተቀብሎ «ጎንደር ገብቼ፣ ምን አጥቼ» ብሎ ይፎክርና ተሸናፊውን እንደ ልቡ ይሰድበዋል። በሚቀጥለው እሑድ ጋሽ ሙላቴ «ጎንደር ሩቅ ነው፤ የተሸነፈ ተራውን ይስጥ!» ብለው አወጁ። በመናኸሪያ ዘመናቸው ተራ አይሸጥም፣ አይለመንም፣ አይወረስም ብለው ከስንቱ ጋር የተናነቁት ሰውዬ፣ በገዛ አፋቸው ተራን ቁማር አስገቡት።

በዚያ ቀን ከጋፋት በኩል እማማ አበበች የሚባሉ ባልቴት የልጅ ልጃቸውን ሙሉቀንን አዝለው መጥተው መጨረሻ ላይ ተሰልፈዋል። አዋጁን ሲሰሙ ሙሉቀንን ከጀርባቸው አወረዱና ነጠላቸውን አደገደጉ። እያንዳንዱን ፊት ለፊታቸው ያለውን ሰው ትከሻውን ነካ እያደረጉ «እንቆቅልህ» ይሉታል። አስተማሪውን ጣሉት። ፖሊሱን ጣሉት። አቶ በላይነህ ዘንድ ደረሱ።

«ስትሄድ ትውላለች፣ ከደጇ ግን አትወጣም።»

«ሰዓት» አለ አቶ በላይነህ።

«አይደለችም።»

«ጥላ።»

«ምላስ ናት ጌታው! ተራውን ወዲህ በል» ብለው አለፉት።

«አባዬ» አለች ገነት፣ «ከእንግዲህ አንተ አትመልስ። እኔ ልመልስ።»

እማማ አበበች ፊት ደረሱ። ሙሉቀን ፈረሱን አይቶ ዘለለ። እሳቸው ግን ዞር ብለው ሰልፉን ቃኙና «ምን ያቻኩላል? እነዚህን ጨረስኋቸው፤ እስቲ ደግሞ ከኋላ ልጀምር» ብለው ልጁን እየጎተቱ ወደ መጨረሻው ተመለሱ። ሌሎቹም እንደዚያው ሆኑ። ቂም ያለው ቂሙን ሳይወጣ አልሳፈርም አለ። ስምንቱ ፈረሶች ባዷቸውን ይዞራሉ፣ ወላጅ ከወላጅ ይፋጠጣል፣ ልጆቹ እንደ ጥንቱ ያለቅሳሉ። በመጨረሻ አቶ በላይነህ ከረባቱን ፈታ። የዚያን ጊዜ ነገሩ መክረሩን ሁሉም ተረዳ።

«ልጄ በኔ አላዋቂነት ፈረስ ትከልከል? ይሄ ምን ዓይነት ሥርዓት ነው!» እያለ ሲጮህ ኑሪያ ከሱቋ ወጥታ ሰማች። ለጋሽ ሙላቴ የተናገረችው አጭር ነው፦ «የፋሲካ ማግስት። ከዚያ ወዲያ የለም።»

ጋሽ ሙላቴ በልጆች ፊት እንደዚያ አፍረው አያውቁም። ጥፋታቸው ግን ገብቷቸዋል። በቀሪዎቹ እሑዶች አዋጁን ሻሩት፦ «አገር እንደ ልባችሁ ስጡ፤ ተራ ግን አይነካም!» የኖራውን ሳጥኖችም ራሳቸው መልሰው አሰመሩ፤ ሰኞ ማክሰኞ እየዘለለ የሚመጣ ልጅ ሰልፉ መጎተቱን አያውቅም። እማማ አበበችንም እየለመኑ ከሰልፉ ጎን ድንጋይ ላይ አስቀመጧቸውና በመልስ ላይ ክርክር ሲነሳ ዳኛ አደረጓቸው። ባልቴቷ በሹመታቸው ኮሩ፤ አቶ በላይነህን ግን እስከ መጨረሻው አላመኑትም።

የፋሲካ ማግስት ደረሰ። ዶሮው አልቆ፣ ልጁ አዲስ ልብሱን ለብሶ፣ ከተማው ወደ ፈረሱ ቤት ጎረፈ። ሰልፉ አጥሩን ሊዞር ምንም አልቀረው። በዚህ መሃል፣ ቀትር ላይ፣ መብራት ጠፋ።

ሽክርክሪቱ ቀጥ አለ። ጋሽ ሙላቴ ባዶ እጃቸውን ቀሩ። የገና ዕለትም መብራት ጠፍቶ ግቢው በአንድ አፍታ ነበር ወና የሆነው። አሁንም አንዲት እናት ልጇን አዘለች፣ አንድ አባት ወደ መውጫው አየ። አለቀልኝ አሉ በልባቸው። ጉሮሯቸው ግን አልሰማቸውም፦

«እንቆቅልህ!»

«ምን አውቅልዎ!» አለ አጥሩ ዙሪያ።

«ስምንት ናቸው። ገለባ አይቀምሱ፣ ውኃ አይጠጡ፤ ሲጋልቡ ውለው ከደጃቸው አይወጡ። ዛሬ ደግሞ ለግመዋል!»

ልጆቹ ወደ ቆሙት ፈረሶች እየጠቆሙ በሳቅ ፈነዱ። እናትየዋም ልጇን መልሳ አወረደች። ከዚያ አንዱ አባት ጠየቀ፣ ሌላዋ መለሰች፣ አንበሳሜ ተሰጠ፣ ወረታ ተወሰደ። ገነት አባቷን ከጀርባዋ አቁማ ብቻዋን ሦስት ከተማ ያዘች።

ኑሪያ መብራት መጥፋቱን ስታይ ሱቋን ዘግታ ሮጠች። ባዶ ግቢ ነው የጠበቀችው። ሰልፉ ግን እንዳለ አለ፤ እንዲያውም ረዝሟል። ጋሽ ሙላቴ ዘንድ ልታልፍ ብላ ከጎን ስትገባ ልጆቹ «ተራ አለ! ተራ አለ!» ብለው መለሷት። የግቢው ባለቤት ነኝ ብትልም የሰማት የለም። የምታደርገው ስታጣ መጨረሻ ላይ ተሰለፈች፤ በየሳጥኑ እየተጠየቀች፣ እየሳተች፣ አገሯን እየሰጠች፣ እየተሰደበች፣ እየሳቀች ፊት ደረሰች።

ጋሽ ሙላቴ አዩዋት። ልትነግራቸው የመጣችው ምን እንደሆነ አላወቁም፤ ለመስማትም ፈሩ። ስለዚህ ቀደሟት።

«እንቆቅልሽ!»

«ምን አውቅልዎ!»

«ጅራቷን የያዘ ያማርራል፤ ራሷ ላይ የደረሰ ጥሏት ይሄዳል።»

«እባብ» አለች ኑሪያ።

«አይደለችም።»

«ላም?»

እማማ አበበች ከድንጋያቸው ላይ ራሳቸውን ነቀነቁ። ኑሪያ ብዙ አሰበችና «አላወቅሁትም» አለች።

«ሰልፍ ናት» አሉ ጋሽ ሙላቴ። «ይኸው ከጅራቷ እስከ ራሷ መጣሽባት። አገር ስጪኝ።»

«ባሕር ዳርን ሰጠሁዎ።»

«አልፈልገውም።»

«እሺ፣ አዲስ አበባን።»

«እሱንም አልፈልገው።»

«ታዲያ የቱን ልስጥዎ?»

ጋሽ ሙላቴ ግራ ቀኝ አዩ። ይህን ሁሉ ወር «አታሰናብቺኝ» ብለው በቀጥታ ሊለምኗት ክብራቸው አልፈቀደላቸውም፤ በጨዋታ ግን ይቻላል።

«ይችን በር» አሉ።

ኑሪያ ሳቅ ሊያመልጣት ነበር፤ ፊታቸውን ስታይ ተወችው። «ሰጠሁዎ» አለች። «የአንቱ ናት።»

ልጆቹ «ይፎክሩ!» ብለው ጮኹ። ጋሽ ሙላቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«በሯን ገብቼ፣ ምን አጥቼ...»

ከዚህ በኋላ የሚከተለው የተሸናፊው ስድብ ነው፤ ሕጉ ያዛል። ሁሉም አፋቸውን እያየ ይጠብቃል።

«ምን አጥቼ» አሉ እንደገና፣ በሩን በአንድ እጃቸው ይዘው።

«ስድቡስ?» አለች ገነት።