ለየሥራው አንድ ደረሰኝ

ታናሽ ወንድሜ ዕድሜውን ሙሉ በየፎቁ የእሳት መከላከያ የውሃ ቧንቧ ሲዘረጋ ኖሯል። ተቋራጭ ይባል እንጂ ያለው አንድ መሰላልና ሁለት ሠራተኞች ነበሩ። ሚስትም አላገባ። ለምን ሲሉት "ማን አግብቶኝ" ይላል።

ያኔ እንዲህ ላለ ሥራ ፈቃድ ሲወጣ፣ ከፈቃዱ ዋጋ ሌላ መንግሥት በየሥራው ላይ ተጨማሪ ክፍያ ይጥል ነበር። የወሩን አጠራቅሞ ባንድ ቀን መክፈል ስለተፈቀደ ተቋራጩ ሁሉ እንደዚያ ያደርጋል። የኔ ወንድም ግን ለእያንዳንዷ ሥራ ለብቻዋ ሊከፍል፣ ሁለት አውቶቡስ ይዞ እዚያ መሥሪያ ቤት ድረስ ይሄዳል። "መንግሥት የሚናፍቀው ሰው አንተን አየን" እያሉ ይስቁበታል።

እኔም ሞኝነት መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ጉልበቴን አሞኝ ሐኪም ቤት ሲወስደኝ፣ "እትዬ፣ እግረ መንገዳችንን አንዲት ክፍያ አለችኝ" ብሎ ይዞኝ ገባ። ከመክፈያው መስኮት ወዲያ ገንዘብ የምትቀበለው ሴት ሽበት ጣል ጣል አድርጎባታል፣ መነጽሯን በክር አንጠልጥላለች። ቀና ሳትል፣

"ዛሬ ደግሞ ማንን ከእሳት ልታድን ነው?" አለችው።

ወንድሜ ሳቀ። ጥርሱን ካየሁ ስንት ዘመኔ። ስለ አንድ ልብስ ስፌት ቤት ነገራት፤ ደረጃው እንዴት እንደጠበበ፣ ስንት ሴቶች እንደሚሠሩበት። ማኅተሟን መታ አድርጋ ደረሰኙን ሰጠችው። በቃ፣ ይኸው ነው። ያ ሁሉ አውቶቡስ ለዚህ ኖሯል።

ስንወጣ "ባል አላት?" አልኩት።

"ሞቶባታል።"

"ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?"

"ተይኝ እስቲ፣ እትዬ።"

ዓመት ያህል እንዲሁ ሄደ። ኋላ ክፍያው በባንክ ይሁን ተባለና መስኮቱ ሊዘጋ ሆነ። በመጨረሻው ቀን ሸሚዙን የተኮስኩለት እኔ ነኝ። "ዛሬ ካልተናገርክ እኔ ዘንድ እንዳትመጣ" አልኩት።

ከሰዓት መጣ። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

"ምን አልካት?"

"ከኋላዬ ሰልፍ ነበር።"

"እሷስ?"

"ሌላ ቢሮ ተዛውሬያለሁ አለችኝ።"

"የቱ ቢሮ?"

"አልጠየቅኳትም። መልካም ሥራ አልኳት።"

ልቆጣው አፌን ከፈትኩና ጠዋት ያልኩት ትዝ አለኝ። እኔ ዘንድ ካልመጣ የት ይሄዳል? ምሳ አቀረብኩለት። በላ፣ ሳህኑን አጥቦ ሄደ። ከዚያ ወዲህ እሱም እንደ ሰዉ በወር አንዴ ነው የሚከፍለው።