እነ ይታይሽ፣ እንዴት አደራችሁ?

ወገኖች፣ ጌታ ይባረክ! ሃሌ ሉያ! ዛሬ ቆሜ ልመስክር ብዬ ሽማግሌዎቹን የለመንኳቸው ነገሩ ሆዴ ውስጥ አልቀመጥ ስላለኝ ነው። አጭር አድርጊው ብለውኛል። እኔ ደግሞ አጭር የሚባል ነገር አላውቅበትም፣ የሚያውቁኝ ይስቃሉ። ይታይሽ እባላለሁ። ቤታችን ከዚህ ከወረታ ወደ ጣና በኩል፣ ፎገራ ሜዳ ላይ ነው፤ የገበሬ ልጅ ነኝ።

ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር ገበያ ስንመጣ በዚህ አዳራሽ በኩል እናልፍ ነበር። እዚህ አጠገብ ያለው የሩዝ መፈልፈያ ጸጥ ሲል የእናንተ መዝሙር ይሰማል። እኔ እቆማለሁ፣ እናቴ ትጎትተኛለች። ምን እያደረጉ ነው? ለምን ያለቅሳሉ? ማን መታቸው? እላታለሁ። እናቴ፣ እግዜር ይስጣትና፣ ክፉ ቃል አልወጣትም። “እኛ ደብራችን አለን፤ በሰው ደጅ አይቆምም” ብላ ትወስደኛለች። ጥያቄውን ግን ይዤው አደግሁ።

አሁን ስለ አባቴ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ኋላ ያስፈልገናል። የኛን ክረምት ታውቁታላችሁ። የርብ ወንዝ ሲሞላ ውኃው ሜዳውን ይውጠውና እያንዳንዱ ቤት ለብቻው ደሴት ይሆናል። ከብቱ ወደ ከፍታው ይሄዳል፣ እኛ ቆጥ ላይ እናድራለን። ታዲያ በኛ ሰፈር ጎህ ሲቀድ አባቴ ደጅ ቆመው ቤቱን ሁሉ በየስሙ ይጣራሉ። “እነ ሞላ፣ እንዴት አደራችሁ?” ይላሉ፤ ሞላ ጎጆ የወጣው ታላቅ ወንድሜ ነው። ከወዲያ “ደህና፣ እግዜር ይመስገን” የሚል ድምፅ በውኃው ላይ ይመጣል። ከዚያ ቀጣዩን ቤት ይጠራሉ። የተጣላና የተኳረፈ እንኳ ቢሆን ይጠራል፣ እሱም ይመልሳል፤ ጎርፍ ኩርፊያ አያውቅም። ዝም ያለ ቤት ካለ ነገር አይበዛም፣ ታንኳ ይወጣል።

እንግዲህ አገባሁና ወደ ኖርዌይ ሄድኩ። ባለቤቴ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፣ እዚያ በዓሣ መርከብ ላይ ይሠራል፤ አንዴ ባሕር ከገባ ለሳምንታት አይመለስም። እኔ የሄድኩት መስከረም ሲያልቅ፣ ውኃው መጉደል ሲጀምር ነው። ለስንብት የመጣው ዘመድ ብዙ ስለነበር አጎበሩን ለእንግዶቹ ሰጥተን እኛ እንዲሁ ተኛን። ይህን ያዙልኝ።

ኖርዌይ ስደርስ ሁሉ ነገር ጥያቄ ሆነብኝ። ፀሐይዋ አርፍዳ ትወጣና ሳታሞቅ ትገባለች፣ ለምን? አውቶቡስ ውስጥ ሰው ሁሉ መስኮት መስኮቱን ያያል፣ ምን ተጣልተው ነው? ባለቤቴ ባሕር ላይ፣ ጎረቤቴ ሰላምታ ፈሪ፣ ማንን ልጠይቅ? በኋላ እዚያ ከተማ የሚኖሩ ያገራችን ሰዎች ፌስቡክ ላይ አንድ ገጽ እንዳላቸው ባለቤቴ አሳየኝና አስገባኝ። እኔ እንደ ቀበሌያችን አንድ ለአምስት መስሎኝ፣ ጠርናፊያችን ማን ይሆን ብዬ ጠበቅሁ። ማንም አልጠረነፈኝም።

ወገኖች፣ ያ ገጽ ጠቅሞኛል። ጤፍ የት እንደሚሸጥ፣ ሊጥ በዚያ ብርድ እንዴት እንደሚቦካ፣ ጫማ ምን ዓይነት እንደሚገዛ ያስተማሩኝ እነሱ ናቸው። ቆሻሻ በየዓይነቱ ተለይቶ ነው የሚጣለው፤ ግራ ቢገባኝ ግቢያችን የተደረደሩትን በርሜሎች ፎቶ አንስቼ ለጠፍኩና የቱ የምን እንደሆነ ጠየቅሁ። ሳቁብኝ፣ ግን ነገሩኝ።

ታዲያ እኔ ውለታ መመለስ አማረኝ። ቤቴን ሳየው በውኃ የተከበበ መሰለኝ፣ የነሱም ቤት እንደዚያው። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ገጹ ላይ በየስማቸው መጻፍ ጀመርኩ፦ እነ ሰላም፣ እንዴት አደራችሁ? እነ ዳዊት፣ እንዴት አደራችሁ? ከዚያ ቁጭ ብዬ መልስ እጠብቃለሁ። ያልመለሰ ካለ ድጋሚ እጽፍለታለሁ። ሰዉ ተገረመ። ዳዊት የሚባል ልጅ “እህቴ፣ ስም ጠሪ ሆነሽ ተመደብሽ እንዴ? ቀሪ ብለሽ እንዳታስመዘግቢን” ብሎ ጻፈ። ስንቱ ሳቀ መሰላችሁ! እኔ አፈርኩ፣ ግን አልተውኩም። በኛ አገር አንዴ መጥራት ከተጀመረ ውኃው እስኪጎድል አይቋረጥም፤ እዚያ ደግሞ ውኃው መቼ እንደሚጎድል አላውቅም።

ከዚያ አንድ ቀን ብርድ ብርድ አለኝ። አገሩ ብርድ ነው፣ ምን ይገርማል አልኩ። ቀጥሎ ነደድኩ። ራሴ ሊፈርስ ደረሰ፣ ወገቤ ተቆረጠ። ሐኪም ዘንድ ሄድኩ፣ በስልክ አስተርጓሚ ተገኘልኝ። ሐኪሙ በደንብ አየኝ፣ ጠየቀኝ። ከየት አገር ነሽ ሲለኝ ኢትዮጵያ አልኩ። ከኢትዮጵያስ የት ነበርሽ ሲለኝ፣ ወገኖች፣ አዲስ አበባ አልኩት። ወረታ ብል ማን ያውቃል? ያገር ሰው እንኳ “የት ነው እሱ?” ይላል። ውጭ የሄደ ሰው ሁሉ አዲስ አበባ ነው የሚለው፣ እኔም እንደ ሰዉ አልኩ። እሱም ከተማይቱ ደጋ መሆኗን፣ ወባ እንደሌለባት ያውቅ ኖሮ “እንግዲያው ጉንፋን ነው፣ ውኃ ጠጪ፣ እረፊ፣ ከባሰብሽ ተመለሺ” አለኝ። ባሰብኝ፤ መመለሻ አቅም ግን አጣሁ። እኔስ ብሆን ወባን መቼ ጠረጠርኩ? በዚያ በረዶ ቢምቢ የት አለ?

በማግሥቱ ስልኬን ማንሳት አቃተኝ። ገጹ ላይ ማንም አልተጠራም። እኔ ይህን ሁሉ በኋላ ነው የሰማሁት፤ መጀመሪያ የጻፈው ያው ዳዊት ነው። “ዛሬ ስም ጠሪዋ የት ገባች?” አለ፣ ለቀልድ። አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ እንኳንም ዐረፍን አለ። አንዲት ሴት ግን፣ ሁሌ አንብባ ዝም የምትል፣ ያን ቀን “ይህች ልጅ ታማለች፣ ቤቷን የሚያውቅ ማነው?” ብላ ጻፈች። ማንም አያውቀውም። ዳዊት ያን የቆሻሻ በርሜል ፎቶ መልሶ አወጣው። አንዱ ያን ግቢ ለየው፣ በሥራው መንገድ ላይ ነው። ጌታ ይመስገን! ለሳቅ የሆነ ፎቶ ለሕይወት ሆነ!

እኔ ወለሉ ላይ ነበርኩ። በሩ ሲንኳኳ ሰማሁ፣ ግን ምን አገባኝ፣ እጄን አላዝዘውም። ከዚያ ድምፅ መጣ። ወገኖች፣ ድምፁን ስሙኝ፣ እንዲህ ነው፦

“እነ ይታይሽ፣ እንዴት አደራችሁ?”

በውኃ ላይ እንደሚጣሩት፣ መጨረሻው ላይ ተስቦ። ያንን ሰምቼ ዝም ማለት አልችልም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ አልቻልኩም። አፌ ብቻውን “ደህና፣ እግዜር ይመስገን” አለ። እየሞትኩ ደህና ነኝ አልኩ! ስመልስ ራሴን ሰማሁት፣ ራሴን ስሰማው ነቃሁ፣ እየዳህኩ ሄጄ በሩን ከፈትኩ።

ደጅ ቆማ የጠራችኝም ሆስፒታል ያደረሰችኝም ያቺ ሁሌ አንብባ ዝም የምትለው ሴት ናት። ለሐኪሞቹ በቋንቋቸው “ከአዲስ አበባ ነኝ ብላ ይሆናል፤ ይህች ልጅ የፎገራ ናት፣ ፎገራ ወባ አለ” ብላ ነገረቻቸው። ደሜን አዩት። ወባ ነው፣ ያውም ክፉው ዓይነት። ያ የመጀመሪያው ሐኪም መጥቶ አልጋዬ አጠገብ ተቀመጠና “ወረታ የት እንደሆነ አሳዪኝ” ብሎ ካርታ ከፈተ። ደግ ሰው ነው። በጣቴ ጣናን አሳየሁት።

እንዴት አወቅሽኝ? አልኳት ያቺን ሴት። “ጠዋት በየስሙ የሚጠራ ሰው ፎገራ እንጂ ሌላ ቦታ አላየሁም” አለችኝ። “ከሆሳዕና ከተማ ተመድቤ ወረታ ብዙ ዓመት አስተምሬያለሁ። ሜዳው ላይ አንድ ክረምት ውኃ ይዞኝ፣ ስሜን ጨምረው ጠርተውኛል።”

ወገኖች፣ መምህርት አስቴር ናት! አዎ፣ የእናንተዋ አስቴር፣ እዚህ በመስኮቱ በኩል ስትቀመጥ የነበረችው። ባሏን ተከትላ እዚያ ሄዳለች። ሃሌ ሉያ! እናንተ ያኔ ጸልያችሁ የሸኛችኋት ለኔ ነው የሸኛችኋት!

መድኃኒቱ እዚያ ሆስፒታል አልነበረም፣ ከትልቁ ከተማ እስኪመጣ መጠበቅ ሆነ። አስቴር እጄን ይዛ ጸለየች፣ ቀስ ብላም ዘመረች። መዝሙሩን አወቅሁት። ከሩዝ መፈልፈያው ኋላ የሰማሁት ነው። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ያን የልጅነት ጥያቄዬን አወጣሁት፦ ለምንድን ነው የምታለቅሱት?

“እኔም ዝም ብዬ የወደቅሁበት ቀን ነበር” አለች። “ደጄ ድረስ መጥቶ በስሜ የጠራኝ ኢየሱስ ነው። እሱን ሳስብ ነው የማለቅሰው።”

መድኃኒቱ መጣ፣ ጌታም አነሳኝ። ክብር ለስሙ ይሁን! ግን ወገኖች፣ በዚያው ቀን አመንኩ ብዬ አልዋሻችሁም። እኔ ጠያቂ ነኝ። አስቴርን ስንት ወር አስጨነቅኋት። የማታውቀውን አላውቅም ትለኛለች፤ “እሱን ራሱን ጠይቂው” ትለኛለች። ባለቤቴም ከባሕር ሲመለስ ጥያቄ ተደርድሮ ይጠብቀዋል፣ ምስኪን። አንድ ጠዋት ግን ለገጹ ሰዎች እንዴት አደራችሁ ጽፌ ስጨርስ ቆም አልኩ። እኔን ማነው የሚጠራኝ? ብዬ ጠየቅሁ። ያኔ ታወቀኝ፤ ሲጠራኝ ነው የኖረው፣ እዚህ ደጅ ላይ ሕፃን ሆኜ ሲያቆመኝ ጀምሮ። ያን ጠዋት “ደህና” አላልኩም። “ጌታ ሆይ፣ ደህና አይደለሁም፣ ግባ” አልኩት። ገባ!

ለአባቴ በስልክ ስነግራቸው አልተቆጡም። ከዚያ ወዲህ ግን ስደውል ስልኩን ለእናቴ ይሰጣሉ። ብዙ ጊዜ ሆነ። እኔም አልፈርድባቸውም፣ በደብራቸው የኖሩ፣ እግዜርን የሚፈሩ ሰው ናቸው። ግን ለአባቴ የሞትኩ መሰለኝ።

በዚህ ሳምንት አገሬ ገባሁ። ጊዜው ክረምት ነው፣ ርብም እንደምታውቁት ሞልቷል። አባቴ ቤት ማደር ከበደኝ፤ ወንድሜ ሞላ ዘንድ አደርኩ፣ በመካከላችን ውኃ አለ። ትናንት ጎህ ሲቀድ ድምፃቸውን ሰማሁ። አርጅቷል፣ ግን ያው ነው። ቤት በቤት ይጣራሉ። “እነ ሞላ፣ እንዴት አደራችሁ?” አሉ። ወንድሜ መለሰ። አሁን ወደ ሌላው ቤት ያልፋሉ ብዬ ጠበቅሁ። አላለፉም። ቆዩ። ከዚያ፣ ወገኖች፣

“ይታይሽስ? እንዴት አደርሽ?”

“ደህና አድሬያለሁ አባባ” አልኳቸው፣ “አንቱስ?” ይኸን ጊዜ እውነቴን ነበር።

ስለዚህ ያልመለሳችሁ ካላችሁ፣ እናንተ እዚያ ደጅ ላይ እንደ እኔ የቆማችሁም፣ እለምናችኋለሁ፣ እመኑት። ደህና ሳትሆኑ ደህና ነን አትበሉት። ስማችሁን ያውቀዋል፤ ኩርፊያ አያውቅም። ዛሬም ጠርቶ ቆሞ እየጠበቀ ነው፣ መልሱለት። ጌታ ይባርካችሁ።