ገመዱ ከተነቀለ በኋላ የጨመረው ቁጥር

ሞቷል ያልኩት ባትሪ ዛሬ መርሳ ከተማ ባለው የጥገና ሱቄ ውስጥ ተነሳ።

ሸህ ይመር በአቅራቢያችን ካለችው ግራና ያመጡት የሶላር ባትሪ ነው። ከአሮጌ ኮምፒውተር ዕቃ በሠራሁት መፈተሻ ኃይሉን የሚስብ ጭነት ስጥልበት ከአስራ ሁለት ቮልት ወደ ዘጠኝ ወረደ። (መፈተሻዬ እንቁላል የሚጠብስ ሙቀት ቢያወጣም አይዋሽም።)

ገመዱን ነቀልኩ። ማንም ሳይነካው ቁጥሩ ወደ ላይ፦ አስር፣ አስራ አንድ...

"አልሞተማ!" አሉ ሸሁ ፊታቸው በርቶ። "ባለቤቴም እኮ ሳምንት ሙሉ ዓይኗን ሳትገልጥ ከርማ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ ጠዋት ተነስታ ገንፎ አምጡልኝ አለች።"

ባትሪ ከጭነት ሲያርፍ እንዲህ ያደርጋል። የውሸት ጉልበት ነው፤ አምፖል ሲያያይዙበት ወዲያው ይወድቃል። ይህን ላስረዳቸው ስል፣ ሊሞት የተቃረበ ሰውም አንዳንዴ ለአንድ ጠዋት እንዲህ እንደሚነሳ ትዝ አለኝ።

ሌላ ባትሪ አውሼ "ቶሎ ይግቡ አባባ" አልኳቸው።

የሳቸው አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ አስራ ሁለት ይላል። እናንተ ብትሆኑ ትነግሯቸው ነበር?