ሳልሰካት የቀረች ሽቦ

አዳማ ውስጥ ኮምፒውተር መጠገን ከጀመርኩ ብዙ ዘመኔ ነው። የስንቱን ሰው ማሽን ከአንድ ኬዝ አውጥቼ ሌላ ኬዝ ውስጥ እንደከተትኩ ቁጥሩን አላውቀውም። ያበላሸሁትም አለ። ተሰድቤ፣ ይቅርታ ጠይቄ፣ ከኪሴ ተክቼ አውቃለሁ። የዚያ ሁሉ ጸጸት አንድ ሳምንት አይቆይም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ አንድም ቀን ያልተበላሸው የአባቴ ኮምፒውተር ነው።

አባቴ ሞጆ፣ አንድ ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ፣ ከሚጮኽ ማሽን አጠገብ ቆሞ ነው ያረጀው። ማሽኑ እኛን አሳድጎ የእሱን ጆሮ ወሰደ። ጡረታ ሲወጣ ጆሮው ሥር ካልጮኹለት በቀር አይሰማም ነበር። እንዲያም ሆኖ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ አድርጎ መረጠው፤ ጽሑፉ ያምራል፣ ነገር አያዛባም። በስብሰባ ቀን ሊቀመንበሩ አጠገቡ ተቀምጠው የተባለውን ጮክ ብለው ይደግሙለታል፣ እሱ በእርሳስ ይይዛል። በማግሥቱ እኔ የሰጠሁት አሮጌ ኮምፒውተር ላይ በሁለት ጣቱ ቃለ ጉባኤውን ይለቅማል። ጽፎ ሲጨርስ የእርሳሱን ወረቀት ቀዶ ይጥላል፤ ቤት ውስጥ የተዝረከረከ ወረቀት አይወድም። እድርተኛው «ጸሐፊያችን» ሲለው ደረቱ ይነፋ ነበር። እኛ ልጆቹ በዚህ እንስቅበታለን።

አንድ ክረምት ጣሪያው አፍስሶ የኮምፒውተሩ ኬዝ፣ የቆርቆሮ ሳጥኑ፣ ዛገ። ክዳኑን ስነካው በእጄ ላይ ተፈረፈረ። የውስጡ ዕቃ ግን ደህና ስለነበር ሱቄ አምጥቼ ወደ ሌላ ኬዝ ላዛውረው ወሰንኩ። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ ኬዝ ነበረኝ። አባቴም «ሥራህን ልየው» ብሎ አብሮኝ መጣና በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

ከኬዙ ፊት የሚመጡት ሽቦዎች ክር የሚያህሉ ናቸው። አንዷ የማብሪያዋ ናት፣ አንዷ እንደገና የማስነሻዋ፣ ሁለቱ ደግሞ የትንንሾቹ አምፖሎች፣ የአረንጓዴዋና የቀይዋ። የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱ፣ ጥግ ላይ በሁለት ረድፍ የቆሙ መርፌ መሳይ ጥርሶች ላይ ይሰካሉ። እኛ ጥገና ቤቶች ዘንድ አንድ ልማድ አለ። ማብሪያዋን እንሰካለን፤ ኮምፒውተሩ ከተነሳ የቀሩትን ጠቅልለን በላስቲክ ማሰሪያ እናስራለን። ደንበኛ አይጠይቅም፣ እኛም አንናገርም።

የአባቴም ተነሳ። የአረንጓዴዋ አምፖል ሶኬት ባለ ሦስት ቀዳዳ ነበረ፣ የማዘርቦርዱ ቦታ ግን ለሁለት ብቻ ነው የተሠራው። በቢላ ጫፍ ፕላስቲኩን ፈልቅቆ አንዷን ሽቦ ወደ መሀል ማስጠጋት ነው እንጂ ሌላ ዘዴ የለውም። ቢበዛ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ይህን እያሰብኩ ሳለ አንድ የሞጆ ጉምሩክ አስተላላፊ በሩ ላይ ብቅ አለ። «አካም ጂርታ፣ ወንድሜ! የኔስ አለቀ?» አለኝ። አላለቀም ነበር። ሽቦዎቹን ጠቀለልኩ፣ አሰርኩ፣ ክዳኑን ገጠምኩ።

አባቴ ጎንበስ ብሎ የኬዙን ፊት በጣቱ ዳበሰና ቀና አለ።

«አምፖሏስ?»

«ጌጥ ናት አባባ!» ብዬ ጮኽኩ። «አታስፈልግም!»

«እንግዲህ አንተ ካልክ» አለ። አልተከራከረኝም፤ ባለሙያው እኔ ነኝ። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይባላል። ለባዕድ ደንበኛ የምጠነቀቀውን ያህል ለአባቴ አልተጠነቀቅኩም፤ አባቴ እንደማይቆጣኝ አውቅ ነበራ።

ከዚያ በኋላ ነገር ተበላሸ። መጀመሪያ የጻፈው ጠፋበትና ደወለልኝ። ስልክ ስለማይሰማ እሱ ተናግሮ ይዘጋል፣ እኔ ሱቄን ዘግቼ እሄዳለሁ። ሄጄ ኮምፒውተሩን አየሁት፣ ምንም የለበትም። በሁለተኛው ሳምንት እንደገና ጠፋ። ደግሞ ሄድኩ። «ጽፌው ነበር እኮ፣ ሁለት ገጽ ሞልቼ ነበር» ይላል ቁልጭ ቁልጭ እያለ። የተቀመጠ ነገር የለም። በሦስተኛው ላይ ሙቀቱም፣ ባጃጅ ማጣቱም፣ ሱቅ ጥዬ መምጣቴም ተደማምረው ትዕግሥቴ አለቀ።

«ኮምፒውተሩ ጤነኛ ነው አባባ! እርስዎ ነዎት ሴቭ የማያደርጉት! ወይ ጨርሶ አልጻፉትም!»

ያቺን የመጨረሻዋን ቃል ባልኩበት ቅጽበት ፊቱ ላይ አንድ ነገር አየሁ። ማየቱንስ አየሁ፤ ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ዕቃዬን ይዤ ወጣሁ።

በፋሲካ ማግሥት በነበረው የእድር ስብሰባ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ እንዲያነብ ሲጠየቅ ባዶ እጁን ተነሣ። ይህን የነገረችኝ እህቴ ናት። «ወገኖቼ፣ መርሳት ጀምሬአለሁ። የጻፍኩ ይመስለኛል፣ አልጻፍኩም። የሰው ጉዳይ በእጄ እንዳይበላሽ ሌላ ሰው ምረጡ» አለ። አንዲት ወጣት መምህርት ተመረጠች። እኔም ስሰማ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ቀለል አለኝ። በቃ አርጅቷል አልኩ።

መምህርቷ የድሮ ጽሑፎቹን ልትረከብ በመጣችበት ቅዳሜ እኔም በፍላሽ ልገለብጥላት ተገኘሁ። አባቴ ራሱ ኮምፒውተሩን አስነሣና ዶሴዎቹን አሳያት። ከዚያ ምሳ ቀረበ። ሽሮ በልተን፣ እጃችንን ታጥበን ስንመለስ ስክሪኑ እንደ ልማዱ ራሱን አጨልሞ ነበር። የስክሪኑ የራሱ ትንሽ አምፖል ከተቃጠለ ዓመታት አልፈዋል።

አባቴ ቀድሞኝ ደረሰ። ጎንበስ ብሎ የኬዙን ፊት አየ። አውራ ጣቱን ማብሪያው ላይ አሳርፎ ተጭኖ ቆየ።

«አባባ! ምን እያደረጉ ነው?»

«መብራት ሄዶ ነበር፤ ላስነሣው ብዬ ነዋ።»

መብራት አልሄደም። ኮምፒውተሩም ሲጮኽ ነበር፤ የውስጡ ማራገቢያ ድምፅ ለእኔና ለመምህርቷ በደንብ ይሰማ ነበር። አሁን ግን ጸጥ አለ። አጠፋው።

«በፊት እንዴት ነበር የሚያውቁት? መጥፋቱን?» ብዬ ጆሮው ሥር ጮኽኩ።

«በአምፖሏ ነዋ» አለ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይጠየቃል እንዴ በሚል ዓይነት። «ከበራች ኪቦርዱን ነካ አደርጋለሁ፣ ይመጣል። ካልበራች ማብሪያውን እጫናለሁ። ያ የድሮው ደግሞ አርጅቶ ስለነበር ካልቆየህበት እሺ አይልም። አሁን አምፖል የለማ። የጨለመ ሁሉ ለእኔ የጠፋ ነው።»

ሁሉም ነገር ተገለጠልኝ። ገጽ ሙሉ ይጽፋል፣ የእርሳሱን ወረቀት ቀዶ ይጥላል፣ ሴቭ ሳያደርግ ለጸሎት ወይ ለምሳ ይነሣል፣ ሲመለስ ጨለማ ያገኛል። መብራት ሄዶ ነው ብሎ ይጫናል፣ እንደ ለመደው ተጭኖ ይቆያል፣ በገዛ እጁ ይገድለዋል። ከዚያ እንደገና ሲያስነሣው ገጹ ባዶ ነው። እዚያ ባዶ ገጽ ፊት ተቀምጦ ጽፌአለሁ ወይስ አልጻፍኩም እያለ ራሱን ሲመረምር የኖረው ሰው አባቴ ነው። እኔ ደግሞ መጥቼ አልጻፉትም ብዬዋለሁ።

ኬዙን ከፍቼ የታሰሩትን ሽቦዎች አወጣሁና አሳየሁት። አቧራ ለብሰው ነበር። የምለውን ቀስ ብዬ ማለት ፈልጌ ነበር፤ ለአባቴ ግን ቀስ ብሎ የሚነገር ነገር የለም። ጆሮው ሥር ተጠግቼ፣ ጎረቤት ሁሉ እየሰማ፣ መምህርቷም እዚያው ቆማ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው አባባ! አምፖሏን ያልሰካኋት እኔ ነኝ! እርስዎ ጽፈውት ነበር! ሁሉንም ጽፈውታል!» ብዬ ጮኽኩ።

መምህርቷ ዓይኗን አበሰችና ወደ ጆሮው ጠጋ አለች። «ጋሼ፣ እንግዲያው ቦታዎን ይመለሱበት! እኔ ራሴ ለእድሩ እነግራለሁ!»

«የለም ልጄ» አላት። «ያን ሁሉ ሰው አስቀምጬ በአፌ የተናገርኩትን? ሰው አንዴ ረስቷል ከተባለ፣ ቁልፍ የጠፋበት ቀን እንኳ ለቅሶ ይሆንበታል። አንቺው ያዢው።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። መቆጣቱን ጠብቄ ነበር፣ እንዲቆጣኝ ፈልጌም ነበር።

«ታዲያ አእምሮዬ ደህና ነው ማለት ነው?»

«ደህና ነው አባባ!»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ!»

ከኮቱ የውስጥ ኪስ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣና «እንግዲያው ይህ አያስፈልገኝም» ብሎ ሊቀደው ጀመረ። እጁን ያዝኩት። ተቀብዬ ዘረጋሁት። የእኛ የልጆቹ ስም ነበር፣ በእርሳስ፣ በዚያ በሚያምር ጽሑፉ፣ ከታላቅ እስከ ታናሽ ተደርድሮ። በየስማችን ጎን ድንገት ቢረሳን የሚለየን ምልክት ጽፎበታል። የታላቅ እህቴ ላይ «አርሲ ነገሌ ያገባችው፣ ጉንጯ ላይ ጠባሳ ያላት» ይላል። የታናሽ ወንድሜ ላይ «ሳይበላ የሚመጣው»። እኔን ፈለግሁ። ሁለተኛው ላይ አገኘሁት።

«ኮምፒውተር የሚሠራልኝ። የሚጮኸው እንድሰማው ነው፤ ተቆጥቶ አይደለም።»

ተቆጥቼ ነበር።