ከማህደሬ ሽፋን የተቆረጠው ጓርኒሲዮን

ጎብዬ ከተማ ደርሼ ከሚኒባስ ስወርድ ሁለት ታጣቂዎች በስሜ ጠርተው «ለአጭር ጥያቄ ነው» አሉኝ። ጥያቄው ሳይቀርብልኝ ቆቦ ተወስጄ ቀድሞ እህል ይከማችበት በነበረ መጋዘን ውስጥ ታሰርኩ። መስኮት የለውም። ከቆርቆሮው የሚወርደው ሙቀትና የነቀዘ ማሽላ ሽታ ተባብረውብኝ የት እንደምቀመጥ እንኳ መወሰን አቃተኝ።

በመዝገብ ቤት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ማንኛውም ጉዳይ መነሻ ደብዳቤ እንዳለው አምናለሁ። የእኔን መነሻ ግን የሚነግረኝ አጣሁ። አንዱ ጠባቂ «ገና ይጣራል» ይለኛል፤ ሌላው «ተጣርቷል» ይለኛል።

በዘጠነኛው ቀን ረፋድ ላይ አንድ ጠባቂ በሩን ከፍቶ «መኪና የሚያውቅ አለ?» አለ። አጠገቤ የሚተኛው የሮቢት መካኒክ ተነሣና ወደ እኔ ጠቆመ።

«ረዳቴ እሳቸው ናቸው።»

«እኔ?»

«አብሽር ጋሼ» አለኝ በሹክሹክታ፤ «አየር ያገኛሉ።»

ግቢው ውስጥ የቆመችው አሮጌ ፒካፕ ከሞተሯ ጎን ዘይት ታንጠባጥባለች። መካኒኩ የጎን ክዳኑን ፈታ። በክዳኑና በሞተሩ መካከል ገብቶ ዘይቱን የሚያግደው ጓርኒሲዮን ደርቆ ተሰነጣጥቋል። እኔ ብሎኖቹን በተፈቱበት ቅደም ተከተል ጨርቅ ላይ ደረደርኩ።

«ጋሼ፣ ብሎንም መዝገብ ላይ ይሰፍራል?» ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያም ወደ ጠባቂው ዞሮ «አዲስ ከሌለ ቆርጬ እሠራለሁ። ወፍራም ወረቀት አምጣልኝ፤ የማህደር ሽፋን ቢሆን ደግ ነው» አለው።

ጠባቂው ከቢሮ አንድ ማህደር ይዞ ተመለሰ። የውስጡን ወረቀት አውጥቶ «ያዙልኝ ጋሼ» አለኝና ሽፋኑን ለመካኒኩ አቀበለ። ሽፋኑ ላይ የእኔ ሙሉ ስም ተጽፏል።

ነገሩ ተደበላለቀብኝ። ሽፋኑ ለዚህ ከዋለ ጉዳዩ ተዘግቷል ማለት ነው? ወይስ እኔ ተረስቻለሁ? ጠባቂው ውሃ ሊጠጣ ወደ ቧንቧው ሄደ። በእጄ ያሉት ሁለት ገጾች ፊታቸው ወደ ታች ተገልብጧል፤ ምስጢር የሚለው ቀይ ማህተም ግን አልፎ ይታያል።

መካኒኩ ሽፋኑን በክዳኑ ላይ አንጥፎ ጠርዝ ጠርዙን በመዶሻ እየቀጠቀጠ ይቆርጣል።

«ያንብቡት እንጂ! የአንቱ አይደል?»

«ባለጉዳይ ሳይፈቀድለት ማህደሩን አያይም።»

«ወላሂ! እስረኛ እኮ ነዎት፤ ቢሮ ያሉ መሰለዎት?»

ጠባቂው ሲመለስ «ጉዳዩ የእኔ ነው። ላንብበው?» አልኩት። ወረቀቱንም እኔንም ተራ በተራ አየ።

«እኔ እንጃ። አልታዘዝኩም።»

የገጾቹን ጠርዝ አስተካከልኩ፤ ከጋቢዬ ክር መዝዤ አሰርኳቸው።

«ሁለት ገጽ ነው። ቆጥረህ ተረከበኝ» አልኩት።

ጠመንጃውን በትከሻው አንግቶ፣ በሁለት እጁ ተቀብሎ ቆጠረ።

ክዳኑ በአዲሱ ጓርኒሲዮን ተገጥሞ ሞተሩ ሲነሣ የዘይቱ መንጠባጠብ ቆሟል። ከዚያ በሦስተኛው ቀን «ይሂዱ» ተባልኩ። ደብዳቤም ማብራሪያም አልተሰጠኝም።

ያቺ ፒካፕ ዛሬም አልፎ አልፎ የቆቦ ዋና መንገድ ዳር ቆማ አገኛታለሁ። ጎንበስ ብዬ ከሥሯ ያለውን መሬት አያለሁ፤ ደረቅ ነው። ያን ቀን ያላነበብኩት ኮርቼ ይሁን ፈርቼ እስካሁን አልለየሁም። ሁለቱ ገጾች ያለ ሽፋን የት እንደተቀመጡ ግን ያሳስበኛል።