የወለቃው ጥቁር አፈር

ልጅ እያለሁ ወለቃ ውስጥ ጫፉ ቀይ የተቀባ ችካል ያገኘ ሁሉ ጥጃ ያስርበት ነበር። ችካሎቹን የሚተክሉት ከጎንደር ወደ ሰሜን የሚወጣውን መንገድ ሊሠሩ የመጡት ቻይናውያን ነበሩ። ጠዋት ይተክላሉ፤ ከሰዓት በኋላ ጥጃው ነቅሎት ይሄዳል። እኛ ልጆች ከዶዘሩ ኋላ እየሮጥን የናፍጣ ጭስና የተቆፈረ አፈር ሽታ ስንምግ እንውላለን።

አንዱ ችካል ግን የእናቴ አፈር ማውጫ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ተተከለ። እናቴ ጥሩነሽ ሸክላ ሠሪ ናት። ሙያውን የተማረችው ወደ እስራኤል ከሄዱት ጎረቤቶቿ ነው፤ ጥቁሩን አፈር የምታወጣውም እነሱ ይቆፍሩበት ከነበረው ቦታ ነው። አባቴ ከሞተ ወዲህ አራት ልጅ ያሳደገችው በዚያ አፈር ነበር። ጉድጓዱ ከተደፈነ ቤታችን ይበተናል፤ ይህን ማንም ሳይነግረን እናውቅ ነበር።

ችካሉ በተተከለ በሳምንቱ የቀበሌው ሊቀመንበር አያ ደሳለኝ የቻይናውን አለቃ ይዘው መጡ፤ ዶዘሩም ተከትሏቸው ደረሰ።

«አንቺ ጥሩነሽ፣ ለጭቃ ብለሽ ልማት ታስቆሚያለሽ?» አሏት።

«ምነው አያ ደሳለኝ! እርስዎ ቤት ወጥ የሚሠራው በምንድን ነው? በልማት ነው?»

የተሰበሰበው ሰው ሳቀ። በሌላ ቀን ቡዳ ናት እያሉ ልጆቻቸውን የሚደብቁባት ሴቶች እንኳ ሳቁ።

አለቃው ፀሐይ ያጠቆረው ቀጭን ሰው ነበር። ከቀን ሠራተኞቹ የለቃቀማት አማርኛ ነበረችው። «ችግር የለም» አላት።

«ላንተማ ምን ችግር አለ! ችግሩ ያለው እኔ ጋ ነው» አለችና ጉድጓዱ ውስጥ ወርዳ ተቀመጠች።

ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። ማንም ሳይጠይቀኝ በዚያችው የትምህርት ቤት እንግሊዝኛዬ መተርጎም ጀመርኩ። አለቃው አፈሩን በእጁ ዘግኖ አስረዳኝ፤ ዝናብ ሲያገኘው ያብጣል፣ ፀሐይ ሲያገኘው ይሰነጠቃል፣ አስፋልት አይሸከምም። ተቆፍሮ ገደል ይደፋል፣ በቦታው ጠጠር ይገባል። ይህንን ስነግራት እናቴ ቀና ብላ አየችኝ።

«ይጥሉታል ነው የምትዪኝ?»

«አዎ።»

«ለገደል ከሚሰጡት ለእኔ ይስጡኛ! ደጄ ይድፉት በይው።»

ስነግረው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ ከጉድጓዱም አልወጣችም። የዶዘሩ ሞተር ጠፋ። ቀትር አለፈ፤ ሾፌሮቹ ጥላ ፈልገው ተኙ። በመጨረሻ አለቃው ሰዓቱን አየና ጣቱን ወደ ቤታችን ቀሰረ። «እሺ። እዚያ» አለ።

በማግስቱ የመጀመሪያው ገልባጭ መኪና ደጃችን ላይ አራገፈ። እናቴ እፍኝ ዘግና በጣቷ ፈተገችው፤ ከውስጡ ጠጠር አወጣች።

«መልሰህ ጫነው» አለችው ሾፌሩን። «ጠጠር ያለበት ድስት እሳት ላይ ይፈነዳል። የእኔን አፈር ለመንገዳችን አይሆንም ብለው የለ? እኔም የእነሱን ለድስቴ አይሆንም ብያለሁ።»

አያ ደሳለኝ ራሳቸውን ያዙ። አለቃው ግን ጠጠሩን ከእጇ ተቀብሎ አገላብጦ አየውና ሾፌሩን በእጁ ምልክት መለሰው። ቀጥሎ የመጣው ንጹሕ ነበር። «ይሄ ሸጋ ነው» አለች።

ያ ክምር እኔን ዩኒቨርሲቲ አድርሶ አለቀ። ጉድጓዱ ዛሬ ከአስፋልቱ ሥር ነው፤ እናቴ አፈር የምታስመጣው ከሩቅ፣ በአህያ ጭነት ነው። ድስቷንም የፋብሪካው ብረት ድስት እየገፋው ነው። መንገዱም ቢሆን መልካም መንገድ ነው፤ ምጥ የያዛትን ሴት በሰዓቱ ሆስፒታል ሲያደርስ አይቻለሁ። ሁለቱንም ጽፌአለሁ፤ ሁለቱም እውነት ነው።

በጋዜጠኝነት ዘመኔ ስለ ቻይናና ስለ አፍሪካ የተነገረበት ብዙ ስብሰባ ዘግቤአለሁ። አንዱ ተናጋሪ ወዳጆቻችን ሠሩልን ይላል፤ ሌላው ገዙን ይላል። በሁለቱም ንግግር ውስጥ እኛ እጃችንን አጣጥፈን የቆምን ሰዎች ነን። ይህን ማንም ይበለው፣ ሳልጠይቅ አላሳልፈውም። እዚያ ነበርኩ፤ እጁን ያጣጠፈ አላየሁም። የዶዘሩ ሞተር ጠፍቶ ነበር፣ እናቴ ተቀምጣ ነበር፣ እኔም እተረጉም ነበር።