ጥርስ ላይ የቀረው አሸዋ

እህል በረንዳ ሥራ በጀመርኩበት ዕለት አለቃዬ ጋሼ ሸምሱ የጆንያውን ጎን በሹል ብረት ወጉና እፍኝ ጤፍ መዳፌ ላይ ጣሉልኝ። «አላምጪ። ቀጭ ካለ አሸዋ አለበት። አሸዋ ካለበት ባለቤቱ ሌባ ነው» አሉኝ። ግማሹ ልክ ነበር።

ሼህ ይመር ከወሎ በየዓመቱ ጤፍ የሚያመጡልን ገበሬ ናቸው። ጨዋ ሰው ናቸው፤ ጤፋቸው ግን ከዓመት ዓመት ጥርስ ላይ ይጮህ ጀመር። አንድ ቀን ጋሼ ሸምሱ በተሸካሚዎቹ ፊት፣ «ሼህ፣ ከእንግዲህ እዚህ ደጃፍ እንዳላይዎት» አሏቸው። ላስረዳ ቢሉ፣ «ሌባ ተይዞ ዱላ ይጠየቃል?» አሉ። በረንዳው ላይ እንዲህ የተባለ ሰው ሌላ ገዢ አያገኝም፤ ወሬው ቀድሞት ሶማሌ ተራ ይደርሳል።

ሼሁ ወደ እኔ ዞሩ። «የቀመሽው አንቺ ነሽ ልጄ። አውድማዬንም ነይና እዪ።»

ነገሩ ከነከነኝ። በእህል መኪና ሄድኩ።

አውድማ እንደ ወጉ በእበት ይለቀለቃል፤ ሲደርቅ ይጠነክርና እህሉን ከአፈር ይለያል። የሼሁ አውድማ ራቁቱን ነበር።

«እበቱስ?»

ጎጆው ጥግ የተከመረውን ኩበት አሳዩኝ። «ማገዶ ሆነ። እንጨት የት አለና?»

ዳገቱ አናት ላይ የጥንት መንደር የድንጋይ መሠረት ብቻ ቀርቷል። «እነዚያ ደኑን መንጥረው እስከ ጫፍ አረሱ። አፈሩ ሲታጠብባቸው ጥለው ወረዱ። እኛም ከሥር ያንኑ ደገምን። አሁን ወዴት እንወርዳለን?» አሉኝ።

ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ ግን አላውቅም።

ስመለስ፣ «ጋሼ፣ ሰውዬው ሌባ አይደሉም። መሬታቸው ታጥቦ አሸዋ ብቻ ነው የቀራቸው፤ እንጨት ስለሌለም እበቱን አንድደው በባዶ መሬት ይወቃሉ» አልኩ።

«ታዲያ ደን ልትተክይላቸው ነው?»

«እሳቸው ይተክላሉ። እርስዎ እህሉን የሚወቁበት ሸራ ያውሷቸው።»

እስኪሰለቻቸው ነዘነዝኳቸው። ሸራውን ሰጡ።

ሼሁና ጎረቤቶቻቸው ዳገቱን ከከብት ከልክለው እርከን ሠሩ፤ ባሕር ዛፍም ወይራም ተከሉ። ብዙ ክረምት አለፈ። ባለፈው ጥር ሼሁ ሸራውን አጣጥፈው፣ ከጆንያዎቹ በላይ ጭነው መጡ።

«መልሺላቸው። ማገዶ ደርሶልናል፤ አውድማዬን በእበት ለቅልቄያለሁ» አሉ።

ጋሼ ሸምሱ ቆመው ጠበቁ። አላመጥኩ። አንዴ ቀጭ አለ። ቀና ብዬ ሼሁን አየሁ።

«እሱ ከዳገቱ ገና የሚወርደው አሸዋ ነው። ገና ነን» አሉ ሼሁ።

«አስገቡት» አሉ ጋሼ ሸምሱ።

ወደዚህ ሥራ ለምትገቡ፦ ጤፉ ጥርሳችሁ ላይ ቀጭ ሲል፣ ሌባ ከመፈለጋችሁ በፊት እበቱ የት እንደሚሄድ ጠይቁ።